የዊንዶውስ ፈቃዴን ከአሮጌው ኮምፒውተር ወደ አዲሱ ያዛወርኩበት መንገድ

ለአሮጌው ዴስክቶፕ ለብቻው የገዛሁትን የዊንዶውስ 10 ፈቃድ ወደ አዲሱ ኮምፒውተሬ ለማዛወር ባለ 25 ሆሄውን ቁልፍ ባስገባም፣ ቁልፉ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሥራ ላይ ውሏል የሚል መልእክት እየመጣ ሁለት ቀን አለፋኝ። ጥፋቱ የራሴ ነበር፤ ቁልፉን ከአሮጌው ሳላነሳ ነው ወደ አዲሱ የሮጥኩት።

በመጀመሪያ ፈቃዱ የሚዛወር ዓይነት መሆኑን አረጋገጥኩ። በአሮጌው ኮምፒውተር የትእዛዝ መስኮቱን በአስተዳዳሪነት ከፍቼ «ኤስኤልኤምጂአር»፣ ከዚያም ክፍት ቦታ፣ ስላሽና «ዲኤልአይ» ብዬ (ሁሉም በእንግሊዝኛ ፊደል ነው) ስጽፍ፣ በወጣችው ትንሽ ሳጥን ውስጥ «ሪቴል» (ለብቻው የተሸጠ) የሚል ቃል አየሁ። «ኦኢኤም» ቢል ኖሮ ፈቃዱ ከማሽኑ ጋር የተሸጠና ከማዘርቦርዱ ጋር የተቆራኘ ስለሚሆን ልፋቱን እዚያው አቆም ነበር። ቀጥዬ በ«ዲኤልአይ» ቦታ «ዩፒኬ» ብዬ ቁልፉን አራገፍኩ፤ በ«ሲፒኬዋይ» ደግሞ ከሬጅስትሪው (ዊንዶውስ ቅንብሮቹን ከሚያስቀምጥበት መዝገብ) አጠፋሁት።

ይህ ግን ቁልፉን የሚያነሳው ከኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ነው፤ ለማይክሮሶፍት ሰርቨር የሚያሳውቀው ነገር የለም። አዲሱ ኮምፒውተር በኢንተርኔት አሁንም እምቢ ስላለ «ኤስኤልዩአይ 4» ብዬ አገር መረጥኩና ወደተሰጠው ስልክ ደወልኩ፤ በስክሪኑ ላይ የታዩትን ሰባት ሰባት አሃዝ ያላቸውን 9 የቁጥር ምድቦች አንድ በአንድ አስገባሁ (ስድስተኛው ላይ ተሳስቼ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምሬያለሁ)። ቁልፉ በስንት ኮምፒውተር ላይ እንዳለ ስጠየቅ ያለ ሐሰት «በአንድ» ለማለት የቻልኩት አሮጌውን አስቀድሜ በማራገፌ ነው። የተነገረኝን ማረጋገጫ ከ«ኤ» እስከ «ኤች» ባሉት ሳጥኖች ስሞላ ፈቃዱ ወዲያው ጸደቀ።