ቢዝነሳችሁን ወደ ክላውድ ከማዛወራችሁ በፊት የፕሮፎርማውን ቃላት እንዴት መረዳት ይቻላል

ቡሬም በሉት ፍኖተ ሰላም፣ ባህር ዳርም ሆነ ማርቆስ፣ ደህና የሚሰራ ጅምላ አከፋፋይ ጋ ብትገቡ ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም የተጫነበት ዴስክቶፕ አታጡም፣ የዱቤውም የስቶኩም ሂሳብ እሱ ላይ ነው፣ ባካፕ፣ ማለትም መጠባበቂያ ኮፒ፣ አለ ከተባለም ፍላሽ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው መጥቶ "ክላውድ ላይ እናድርግላችሁ" ሲል፣ ማለትም ፕሮግራማችሁንና ዳታችሁን በኢንተርኔት በሚደረስ የሌላ ድርጅት ኮምፒውተር ላይ ላስቀምጥላችሁ ሲል፣ ሃሳቡ ጥሩ ነው፣ እኔም እደግፋለሁ። ግን ፕሮፎርማው ላይ ያለውን ቃል ሳትረዱ አትፈርሙ፣ ምክንያቱም እዛ ላይ ያለ እያንዳንዱ ቃል ወይ የምትከፍሉት ብር ነው ወይ የምትሸከሙት ኃላፊነት ነው።

መጀመሪያ ወረቀት አውጡና ያላችሁን ጻፉ። የትኞቹን ፕሮግራሞች ነው የምትጠቀሙት፣ ስንት ሰው ይገባባቸዋል፣ ፋይሉ ስንት ጂቢ ነው፣ ደግሞ ያ ፕሮግራም ቢጠፋ ስንት ሰዓት ያለሱ መሸጥ ትችላላችሁ። ይሄ የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፣ እናንተ ግን እንዳትዘሉት።

ቀጥሎ የቀረበላችሁ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለዩ። ኢንፍራስትራክቸር አዝ ኤ ሰርቪስ ከሆነ ባዶ መጋዘን እንደመከራየት ነው፣ ቤቱ የነሱ ነው መደርደሪያውም ጥበቃውም በናንተ ነው፣ ማለትም ዊንዶውሱን አፕዴት ማድረግ፣ አንቲቫይረሱ፣ ባካፑ ሁሉ የናንተ ስራ ነው። ፕላትፎርም አዝ ኤ ሰርቪስ ሲሆን መደርደሪያውና ጥበቃው አለ፣ እናንተ እቃውን ብቻ ታስገባላችሁ፣ ይሄ በብዛት ሶፍትዌር ለሚሰሩ ልጆች ነው። ሶፍትዌር አዝ ኤ ሰርቪስ ወይም ሳስ ደግሞ በቆሎውን አስረክቦ ደረሰኝ መያዝ ነው፣ ብሮውዘር ከፍታችሁ ትሰራላችሁ ሌላው የነሱ ጉዳይ ነው፣ ጂሜይል ራሱ ሳስ ነው። የአይቲ ሰው ያልቀጠረ ሱቅ በኔ አስተያየት ከሳስ ቢጀምር ይሻለዋል።

አሁን ፕሮፎርማውን መስመር በመስመር እንየው። "2 ቪሲፒዩ፣ 4 ጂቢ ራም፣ 80 ጂቢ ኤስኤስዲ" ቢል የተከራያችሁት ኮምፒውተር አቅም ነው፣ በቅደም ተከተል ፕሮሰሰሩ፣ ሚሞሪውና ዲስኩ፣ ያ ኮምፒውተር ኢንስታንስ ወይም ቨርቹዋል ማሽን ይባላል። እሱን ማታ ማታ ብታጠፉት የሰዓት ሂሳቡ በአንዳንዶቹ ዘንድ ይቆማል፣ በሁሉም ስላልሆነ ሻጩን ጠይቁ፣ የዲስኩ ሂሳብ ግን አይቆምም፣ ዕቃችሁ እዛው ተቀምጧላ። "ዳታ ትራንስፈር" ወይም "ኢግረስ" የሚል ካያችሁ ቆም በሉ፤ ዳታ ማስገባት በአብዛኛው ነፃ ነው ማውጣት ግን ይከፈልበታል፣ አማዞን ለምሳሌ በወር እስከ 100 ጂቢ ወደ ኢንተርኔት በነፃ ያስወጣና ከዛ በላይ በጂቢ ያስከፍላል። ለተራ ሂሳብ ችግር የለውም፣ የሴኩሪቲ ካሜራ ቪዲዮ ክላውድ ላይ አስቀምጦ ቀን ከሌት ማየት ለሚፈልግ ግን ቢሉ ያስደነግጣል። "ፔይ አዝ ዩ ጎ" ማለት ደግሞ በተጠቀማችሁት ልክ ማለት ነው፣ ጣሪያ የለውም፣ የበጀት አለርት ብታስቀምጡም አለርቱ ይነግራችኋል እንጂ በራሱ አያስቆመውም። ዋጋው በዶላር ከሆነ ደግሞ ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የወር ወጪያችሁ ከምንዛሬው ጋር ከፍ ዝቅ እንደሚል አስባችሁ በጀት ያዙ። በብር መክፈል ለሚፈልግ የኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ አለ፣ ከሱም ፕሮፎርማ ወስዳችሁ አወዳድሩ።

ሪጅን ማለት ሰርቨሩ ያለበት አካባቢ ነው። ለኛ ከሚቀርቡት የትልልቆቹ ኩባንያዎች ሪጅኖች አንዱ ደቡብ አፍሪካ ነው፣ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019፣ አማዞን ኬፕታውን ላይ በ2020፣ ጉግል ጆሃንስበርግ ላይ በ2024 ከፍተዋል። ግን ካርታ ላይ ቀረበ ማለት ኔትወርኩ ላይ ቀረበ ማለት አይደለም፣ የኛ መስመር ባህር የሚደርሰው በጎረቤት አገር በኩል ስለሆነ የአውሮፓው ሪጅን ሊፈጥን ይችላል። ስለዚህ ሌተንሲውን፣ ማለትም ጠይቆ መልስ እስኪመጣ ያለውን መዘግየት፣ ከራሳችሁ ሱቅ ሆናችሁ ለኩት። ደንበኛ ስምና ስልክ የምትመዘግቡ ከሆነ ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፣ ዳታ ከአገር ስለማውጣት የሚለውን የህግ ባለሙያ ጠይቁ።

ከሁሉም በላይ ግን ኤስኤልኤ የሚባለውን፣ ማለትም አገልግሎቱ ምን ያህል ሳይቋረጥ እንደሚሰራ የሚገቡላችሁን ቃል፣ በደንብ እዩት። "99.9 ፐርሰንት" ሲሏችሁ በዓመት ወደ 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ሊቋረጥ ይችላል ማለት ነው፣ 99.99 ከሆነ ወደ 53 ደቂቃ ይወርዳል። ያ ቃል ግን ስለ እነሱ ሰርቨር ነው የሚያወራው። ቡሬ ላይ መብራት ሲሄድ፣ ፋይበር ሲቆረጥ ኤስኤልኤው አይመለከተውም፣ ከ2015 ክረምት ጀምሮ አማራ ክልላችን ላይ ሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፣ ያኔ ሙሉ በሙሉ ክላውድ ላይ የነበረ ሱቅ ምን ይሸጥ ነበር? ስለዚህ ሻጩን "ኦፍላይን ይሰራል ወይ፣ ኔት ሲመለስ ራሱ ሲንክ ያደርጋል ወይ" በሉት፣ ሲንክ ማለት እዚህ ያለውንና ክላውድ ላይ ያለውን ዳታ አንድ ዓይነት ማድረግ ነው፣ አሰርቶም ያሳያችሁ፣ ራውተሩን ከሶኬቱ ነቅላችሁ አንድ ኩንታል በርበሬ ሽጡበት፣ ደረሰኝ ካወጣ መልሳችሁ ሰኩትና ሽያጩ መግባቱን እዩ። ካልሰራ ሃይብሪድ ጠይቁ፣ ዋናው ስራ ሱቅ ውስጥ ሆኖ ኮፒው ክላውድ ላይ የሚቀመጥበት ማለት ነው፤ ለኛ አካባቢ አሁን ባለው ሁኔታ እኔ የምመርጠው እሱን ነው።

ሲንክና ባካፕ አንድ አይደሉም። ሲንክ የሆነ ፋይል እዚህ ስታጠፉት እዛም ይጠፋል፣ ባካፕ ግን የትናንቱን ለብቻው ያስቀምጣል። አርፒኦ የሚሉት ስንት ሰዓት ያህል ዳታ ቢጠፋባችሁ ትችሉታላችሁ ነው፣ አርቲኦ ደግሞ በስንት ሰዓት ትመለሳላችሁ ነው፣ ወረቀታችሁ ላይ የጻፋችሁት የመጨረሻው መልስ እዚህ ይገባል። ባካፑንም ሌላ ኮምፒውተር ላይ አስከፍታችሁ የትናንቱን ሽያጭ ፈልጉ፣ ካልተገኘ ባካፕ የለም ማለት ነው።

በመጨረሻ አካውንቱ በማን ኢሜይል ነው የተከፈተው? ባቋቋመላችሁ ልጅ የግል ጂሜይል ከሆነ ልጁ ስራ ሲቀይር ቢዝነሳችሁ አብሮት ይሄዳል። ዋናው አካውንት በባለቤቱ ወይም በድርጅቱ ኢሜይል ይከፈት፣ ለልጁ የራሱን ዩዘር በሚያስፈልገው ፈቃድ ብቻ ስጡት፣ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩና የመጠባበቂያ ኮዶቹን ፕሪንት አድርጋችሁ ካዝና ውስጥ አስቀምጡ።