የጠርሙስ አንገት ለላስቲክ መክደኛ

ተከፍቶ የተቀመጠ የስኳር ወይም የሩዝ ላስቲክ ያስቸግራችኋል? በክር ብታስሩት ይላላል። ብትቋጥሩት ደግሞ ለመፍታት ጥፍር ይፈጃል። በዚህ መሀል እርጥበት ይገባና ስኳሩ ይጓጉላል፤ ጉንዳንም መንገዱን አያጣውም።

መፍትሔው ልትጥሉት ያሰባችሁት የፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ ላይ አለ። ከክዳኑ በታች 3 ጣት ያህል ለክታችሁ አንገቱን ቁረጡት። ክዳኑን አውጡና የላስቲኩን አፍ ከታች ወደ ላይ በአንገቱ ውስጥ አሳልፉት። ብቅ ያለውን ጫፍ ወደ ውጭ ገልብጡት፤ ክዳኑ የሚጠብቅበትን ጥርስ ዙሪያውን ይሸፍን። ከዚያ ክዳኑን በላዩ ላይ አጥብቁት። አለቀ!

ላስቲኩ በክዳኑና በጥርሱ መካከል ተጨፍልቆ ስለሚያዝ አየርና እርጥበት በቀላሉ አያልፍም። ስትቀዱም ክዳኑን ብቻ ከፍታችሁ ማዘንበል ነው፤ በጠባቧ አፍ ስለሚወርድ አይበተንም። እኔ እንዲያውም ይበልጥ የወደድኩት ይህንን ነው።

የተቆረጠው ጠርዝ ግን ስለታም ነው፤ እጅም ላስቲክም ይቀድዳል። በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ጠርሙሱን አጥባችሁ በደንብ አድርቁት፤ አንዲት የውሃ ጠብታ ከቀረች ስኳሩን ታበላሻለች። በረኪና ወይም ሌላ ኬሚካል የነበረበትን ጠርሙስ ለምግብ እንዳትሞክሩት። ወፍራም ላስቲክ ላይም አትድከሙ፣ ክዳኑ አይዝም።

የተረፈውን የጠርሙሱን ክፍልስ? ታቹን 3 ወይም 4 ቦታ ብሱት፣ የችግኝ ማፍያ ይሆናል።