ጌም መሀል ድርግም የሚል ኮምፒውተር፦ የፓወር ሰፕላይ ችግርና መፍትሄ

ፓወር ሰፕላይ (ከሶኬት የሚመጣውን መብራት ለኮምፒውተሩ ዕቃዎች በሚስማማ መልኩ ቀይሮ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ለመቀየር ከመወሰን በፊት በጥሞና መመለስ ያለበት ጥያቄ ኮምፒውተሩ የሚጠፋው መቼ ነው የሚለው ነው። ከባድ ጌም በተከፈተ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነው፣ ረዘም ላለ ጊዜ ከተጫወቱ በኋላ ነው፣ ወይስ መብራት ጠፍቶ ወደ ዩፒኤስ (በባትሪ ወደሚያቆየው ዕቃ) ሲዞር? ሦስቱም ለጥገና ባለሙያው «በድንገት ይጠፋል» ተብለው ይነገራሉ፤ ምክንያታቸው ግን የተለያየ ነው፣ አዲስ ፓወር ሰፕላይ ተገዝቶም ሳይፈቱ የሚቀሩ አሉ።

ጌሙ ሲከብድ ወዲያውኑ ይጠፋል

ዴስክቶፑ ለጽሕፈትም ሆነ ፊልም ለማየት ያለ ችግር እያገለገለ፣ ምስሉን የሚሠራው ግራፊክስ ካርድ ሙሉ ጉልበቱን ሲጠየቅ የስህተት መልእክት እንኳ ሳያሳይ ይጠፋል ወይም ራሱን ሪስታርት ያደርጋል። በኋላ የኮምፒውተሩን ክስተቶች የሚመዘግበው የዊንዶውስ ኢቨንት ቪወር ሲከፈት «ከርነል ፓወር 41» የሚል መዝገብ ይገኛል። ብዙዎች ይህን የፓወር ሰፕላዩ ብልሽት ማረጋገጫ አድርገው ይወስዱታል፤ መዝገቡ የሚናገረው ግን ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ መጥፋቱን ብቻ ነው።

ግራፊክስ ካርድና ፕሮሰሰር ኃይላቸውን በአብዛኛው የሚስቡት ከ12 ቮልቱ መስመር ስለሆነ፣ በሳጥኑ ላይ በትልቁ ከተጻፈው ዋት ይልቅ በጎኑ ከተለጠፈው ሠንጠረዥ የ12 ቮልቱን አምፔር ማንበብ ይገባል። አምፔሩ በ12 ሲባዛ እውነተኛው አቅም ይወጣል። ለምሳሌ «500 ዋት» የተባለ ርካሽ ፓወር ሰፕላይ በ12 ቮልት ላይ 25 አምፔር ብቻ ቢኖረው፣ ለጌም የሚጠቅመው 300 ዋት ነው። 170 ዋት ለሚፈልገው አርቲኤክስ 3060 ግራፊክስ ካርድ ይህ ጠባብ ሲሆን፣ 320 ዋት ለሚበላው አርቲኤክስ 3080 ግን ጭራሽ የማይታሰብ ነው፤ አምራቹ ኤንቪዲያ ራሱ ለዚህኛው ካርድ ባለ 750 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክራል። በዚያ ላይ ዘመናዊ ካርዶች ከሺኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ከተጻፈላቸው እጅግ የሚበልጥ ኃይል ስለሚጎትቱ፣ በስሌት በቂ የሚመስል ፓወር ሰፕላይ እንኳ ራሱን ለመከላከል ሊዘጋ ይችላል። በ2022 የወጣው ኤቲኤክስ 3.0 የተባለው ደረጃ ትኩረት የሰጠው ለዚህ ችግር ነው፤ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ባለ 16 ፒን ማያያዣ የያዙ ፓወር ሰፕላዮች የአቅማቸውን እጥፍ ለ100 ማይክሮ ሰከንድ እንዲሸከሙ ይጠይቃል።

ገንዘብ ከማውጣት በፊት ምንም የማያስከፍል ፈተና አለ። እንደ አፍተርበርነር ባለ ፕሮግራም የግራፊክስ ካርዱን የኃይል ጣሪያ ወደ 70 ከመቶ ዝቅ አድርገው ያንኑ ጌም ይክፈቱ። መጥፋቱ ካቆመ ጥርጣሬው በፓወር ሰፕላዩና በኬብሎቹ ላይ ይጠነክራል። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው ኬብሉ ነው፦ ከአንድ ኬብል የሚወጡ ሁለት ጫፎች በአንድ ከባድ ካርድ ላይ ተሰክተው ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ሶኬት ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣ የራሱን ኬብል ይስጡት። ይህ ካልረዳ መቀየር ተገቢ ነው። አዲሱን ለመምረጥ የካርዱንና የፕሮሰሰሩን ዋት ደምረው፣ ለቀሪው ዕቃ 100 ዋት ያህል ጨምረው፣ ከዚያም ሰፊ ትርፍ መተው ይበቃል። «80 ፕላስ ጎልድ» የሚለው ምልክት ስለ ኃይል ብክነት ማነስ እንጂ ስለ ጥንካሬ እንደማይመሰክር ግን ሊዘነጋ አይገባም። ትልቅ ፓወር ሰፕላይ የመብራት ክፍያ ይጨምራል የሚለው ስጋትም መሠረት የለውም፤ ባለ 850 ዋቱ የሚስበው ኮምፒውተሩ የጠየቀውን ያህል ነው።

ቆይቶ ይጠፋል

ይህ ብዙ ጊዜ የሙቀት ጉዳይ ነው። ኤችደብልዩኢንፎ በተባለው ፕሮግራም የፕሮሰሰሩንና የካርዱን ሙቀት እያዩ ይጫወቱ፤ ከመጥፋቱ በፊት የፕሮሰሰሩ ሙቀት ወደ 100 ዲግሪ የሚጠጋ ከሆነ አቧራውን መጥረግና የሙቀት ቅባቱን ማደስ ይቀድማል። የሁለቱም ሙቀት ደህና ሆኖ ከፓወር ሰፕላዩ የኋላ ወንፊት የሚያቃጥል አየር ከወጣ ግን፣ የራሱ ፋን ደክሟል ወይም በአቧራ ታፍኗል።

መብራት ሲጠፋ ዩፒኤስ እያለ አብሮ ይጠፋል

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ፣ አዲስ አበባን ጨምሮ፣ ይህ ቅሬታ ተደጋግሞ ይሰማል፤ አዲስ ፓወር ሰፕላይ ከተገጠመ በኋላ የሚጀምርበት ጊዜም አለ። አንደኛው ምክንያት የዩፒኤሱ አቅም ነው። 650 ቪኤ (ቮልት-አምፔር) ተብሎ የሚሸጠው ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸከመው ከ400 ዋት በታች ሲሆን፣ ጌም ላይ ያለ ኮምፒውተር ከነሞኒተሩ ይህን በቀላሉ ያልፋል። ሁለተኛው ረቀቅ ይላል፦ ርካሽ ዩፒኤስ ባትሪ ላይ ሲሆን የሚያወጣው ሞገድ ደረጃ ደረጃ ያለው ነው፤ አክቲቭ ፒኤፍሲ (ከመብራቱ የሚሳበውን ኃይል የሚያስተካክል ክፍል) ያላቸው ጥሩ ጥሩ ፓወር ሰፕላዮች ደግሞ ከእንዲህ ያለው ሞገድ ጋር አንዳንዴ አይስማሙም። መፍትሄው ዋቱ የሚበቃና ንጹህ ሳይን ዌቭ (እንደ መደበኛው መብራት ለስላሳ ሞገድ) የሚያወጣ ዩፒኤስ ነው። እስኪገኝ ድረስ የኃይል ጣሪያውን ዝቅ አድርጎ መጫወት ከአቅም ማነስ የሚመጣውን ችግር ያስታግሳል።

ከተቀየረ በኋላ ጭራሽ አይነሳም

ከኋላ ያለው ማብሪያ መከፈቱን ካዩ በኋላ፣ በማዘርቦርዱ ላይኛ ጠርዝ የሚሰካውን የፕሮሰሰር ኬብል ይፈትሹ፤ በጥድፊያ በብዛት የሚረሳው እሱ ነው። የፕሮሰሰሩና የግራፊክስ ካርዱ ባለ 8 ፒን ጫፎች ቢመሳሰሉም የሚሸከሙት መስመር የተገላቢጦሽ ስለሆነ፣ አልገባም ያለውን ጫፍ በጉልበት መግፋት አይገባም።

ኬብሎቹ የሚነቀሉ ከሆነ ከዚህ የከፋ አደጋ አለ። ለድካም ቅነሳ የአሮጌውን ፓወር ሰፕላይ ኬብሎች በቦታቸው ትቶ አዲሱን ሳጥን ብቻ መቀየር ዲስክና ማዘርቦርድ ሊያቃጥል ይችላል፤ ምክንያቱም በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው የፒን አደራደር የጋራ ደረጃ የለውም፣ በአንድ አምራች ሁለት ሞዴሎች መካከል እንኳ ይለያያል። ስለዚህ ሁሉንም ነቅለው ከአዲሱ ጋር የመጡትን ብቻ ይጠቀሙ።

ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ የቢሮ ኮምፒውተር ገዝተው ወደ ጌም ማሽን ለሚለውጡ ሰዎች ሌላ እንቅፋት አለ። ብዙዎቹ ሞዴሎች በተለመደው ባለ 24 ፒን ምትክ ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፒን የራሳቸው ሶኬት አላቸው፤ ለሞዴሉ የተሠራ አዳፕተር ያስፈልጋል፣ በቀጫጭኖቹ ኬዞች ውስጥ ደግሞ መደበኛው ሳጥን ከነጭራሹ አይገባም። ሳይለኩ አይግዙ።

ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ ዴስክቶፕ ከሆነ፣ ሶኬት ውስጥ ከመሰካቱ በፊት ጀርባው ላይ 115 እና 230 የሚል ቀይ ማዞሪያ መኖር አለመኖሩ ይታይ። በ115 ላይ እንዳለ በኢትዮጵያ 220 ቮልት ላይ ከተሰካ ወዲያውኑ ይፈነዳል። ከ100 እስከ 240 የሚል የተጻፈባቸው ይህ ስጋት የለባቸውም።

የፕላስቲክ ሽታ ይመጣል

ወዲያውኑ ይንቀሉት። ተጠያቂው ብዙ ጊዜ ከሳታ (ለዲስክ ኃይል ከሚሰጠው ማያያዣ) ወደ ግራፊክስ ካርድ ባለ 8 ፒን የሚቀይረው አዳፕተር ነው፦ የሳታ ማያያዣ በ12 ቮልት የሚችለው 54 ዋት ሲሆን፣ ባለ 8 ፒኑ ሶኬት እስከ 150 ዋት ሊጎትትበት ይችላል። ትክክለኛው ጫፍ የሌለው ፓወር ሰፕላይ ለዚያ ካርድ አልተሠራም ማለት ነው፤ በአዳፕተር ማታለል አይገባም። ባለ 16 ፒኑ አዲስ ማያያዣም ቢሆን እስከ መጨረሻው ካልገባ ሊቀልጥ ይችላል።

የአዲሱ ፋን አይዞርም

ብዙ ሞዴሎች ጭነት ሲቀንስ ፋናቸውን ሆን ብለው ያቆማሉ፤ ይህ ብልሽት አይደለም። በከባድ ጌም ላይ ሳጥኑ እየጋለም የማይዞር ከሆነ ግን በዋስትናው ጊዜ ለሻጩ ይመልሱት። ብሎኑን ፈትቶ መክፈት ዋስትናውን ያሳጣል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ሰው የሚገድል ቮልት ሊይዙ ይችላሉ።