ምልክቱ ከማጣሪያው፣ መንስኤው ከፋብሪካው፦ በአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚያጋጥሙ የአካባቢና የደህንነት ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ የጎጃም ገበሬ የሚያመርተውን እህል፣ የቅባት እህልና የእንስሳት ተዋጽኦ በአንድ ግቢ ውስጥ ለማቀነባበር ታስቦ የተሠራ ነው። እንዲህ ባለ ግቢ ብዙ ፋብሪካዎች አንድ የፍሳሽ መስመርና አንድ ማጣሪያ ሲጋሩ፣ ችግሩ የሚታይበትና የሚፈጠርበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ይለያያል። ማጣሪያው ሲሸት የሚወቀሰው የማጣሪያው ኦፕሬተር ነው፤ መንስኤው ግን ከሼዶቹ በአንዱ፣ በሌሊቱ ፈረቃ የተከፈተ ቫልቭ ሊሆን ይችላል። ይህ ጽሑፍ በፓርክ ወይም በፋብሪካ የአካባቢና የሥራ ላይ ደህንነትን ለሚመሩ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ሲሆን፣ እያንዳንዱን ምልክት ከታየበት ተነስቶ እስከ ምንጩ ድረስ ይከተላል።

የአየር ገንዳው የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል

የአየር ገንዳው ባክቴሪያዎች ፍሳሹን እንዲያጸዱ አየር የሚገፋበት ገንዳ ነው፤ ሽታው ደግሞ የሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጋዝ ነው። የሚፈጠረው በፍሳሹ ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን ሲያልቅና ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሲበረቱ ስለሆነ፣ በመጀመሪያ የሚለካው የሟሟ ኦክስጅን ነው። መጠኑ በሊትር 2 ሚሊግራም አካባቢ ሊሆን ይገባል። ከዚያ በእጅጉ ካነሰ፣ አየር ወደ ገንዳው የሚገፋው ብሎወር መብራት በጠፋባቸው ሰዓታት በጀነሬተር መሥራቱ ይረጋገጥ፤ የአየር ማጣሪያውና በገንዳው ወለል ያሉት አየር በታኞች መደፈናቸውም ይታይ። አረፋው በአንድ ጥግ እየፈላ ሌላው ጥግ ጸጥ ካለ በታኞቹ ተደፍነዋል ወይም ተቀደዋል ማለት ነው። የገንዳውን ፊት ቅባት ሸፍኖት ከተገኘ ደግሞ ገንዳውን ማጽዳት ብቻውን አይበቃም፤ ቅባቱን የለቀቀው ፋብሪካ የራሱን የቅባት መያዣ ጉድጓድ በየጊዜው እንዲያስጠርግ ማድረግ ያስፈልጋል።

በጎጃም ደጋ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሌላ ምክንያት አለ፤ እርሱም ከፍታው ነው። ቡሬ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 80 በመቶ አይሞላም። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ንጹህ ውሃ በባሕር ወለል 9.1 ሚሊግራም ኦክስጅን በሊትር ሲይዝ፣ በዚህ ከፍታ ሊይዝ የሚችለው 7 ገደማ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ብሎወሩ በሚገፋው በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅንም ያንሳል። ስለዚህ ለባሕር ወለል ተሰልቶ የተገዛ ብሎወር ምንም ብልሽት ሳይኖርበት ሥራውን ማሟላት ያቅተዋል። የንድፍ ሰነዱ የቦታውን ከፍታ ከግምት ማስገባቱ ይጣራ፤ ካላስገባ መፍትሄው ተጨማሪ ብሎወር ወይም ወደ ገንዳው የሚገባውን ጭነት መቀነስ ነው። የጥገና ሠራተኛውን ደጋግሞ መውቀስ አየሩን አያወፍረውም።

ዝቃጩ አይወርድም፣ ወይም ከወረደ በኋላ ይነሳል

ዝቃጩ ፍሳሹን የሚያጸዱት ባክቴሪያዎች ክምችት ሲሆን፣ በማረጋጊያው ገንዳ ወርዶ ከውሃው መለየት አለበት። እነዚህ ሁለት ምልክቶች ከሩቅ ቢመሳሰሉም መንስኤያቸው ተቃራኒ ሊባል የሚችል ነው። ከአየር ገንዳው አንድ ሊትር ቀድቶ ግልጽ በሆነ የመለኪያ ሲሊንደር ውስጥ ለ30 ደቂቃ ሳይነቃነቅ ማስቀመጥ ይለያቸዋል። በ30 ደቂቃ ውስጥ በደንብ ከወረደ፣ ነገር ግን ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ ከነአረፋው ቁራጭ ቁራጭ እየሆነ ከተነሳ፣ ዝቃጩ በማረጋጊያው ገንዳ ከሚገባው በላይ ቆይቶ የናይትሮጅን ጋዝ እያፈራ ነው፤ ዝቃጩን ወደ አየር ገንዳው የሚመልሰውን ፓምፕ ፍጥነት መጨመር ይበቃል። ከመጀመሪያው ተንሳፎ ከቀረ ግን ክር መሰል ባክቴሪያዎች በዝተዋል። የዝቃጩ የመጠን መለኪያ፣ ማለትም አንድ ግራም ደረቅ ዝቃጭ የሚይዘው ቦታ፣ ከ150 ሚሊሊትር ማለፉ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

በአግሮ ኢንዱስትሪ ፍሳሽ ላይ የዚህ ዋና መንስኤ የምግብ አለመመጣጠን ነው። የዘይትና የስታርች ፍሳሽ በካርቦን የበለጸገ፣ በናይትሮጅንና በፎስፈረስ ግን ድሃ ነው፤ ባክቴሪያዎቹ ደግሞ ለ100 እጅ ባዮኬሚካል የኦክስጅን ፍላጎት (ብክለቱን ለመብላት ለሚያስፈልጋቸው ኦክስጅን) 5 እጅ ናይትሮጅንና 1 እጅ ፎስፈረስ ይፈልጋሉ። በቀን 1,000 ኪሎግራም የኦክስጅን ፍላጎት የሚገባበትና ናይትሮጅንም ፎስፈረስም የሌለበት ማጣሪያ 50 ኪሎ ናይትሮጅንና 10 ኪሎ ፎስፈረስ ያስፈልገዋል። 50 ኪሎ ዳፕ (ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ) ፎስፈረሱን በሙሉና 9 ኪሎ ናይትሮጅን ይሰጣል፤ ቀሪውን 41 ኪሎ ናይትሮጅን 89 ኪሎ ዩሪያ ያሟላል። ፍሳሹ የራሱ ናይትሮጅን ካለው፣ ለምሳሌ የወተት ፍሳሽ ከተቀላቀለበት፣ ያንን ከስሌቱ መቀነስ የግድ ነው፤ ትርፉ ወደ ወንዝ ይወርዳልና። በዳፕ ፈንታ ገበሬው የሚጠቀምበትን ኤንፒኤስ ማዳበሪያ መጨመር ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን ኤንፒኤስ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚፈጠርበት ድኝ 7 በመቶ ስላለበት ኦክስጅን ባነሰበት ገንዳ የእንቁላሉን ሽታ ሊያባብስ ይችላል።

ፍሳሹ በድንገት ይለወጣል

የሚገባው ፍሳሽ ፒኤች (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያ) በሌሊት ከ10 በላይ ወጥቶ ጠዋት ሲመለስ፣ አንዱ ፋብሪካ ታንክና ቧንቧ ያጠበበትን ኮስቲክ ሶዳ (ጠንካራ አልካሊ) በአንድ ጊዜ ለቆታል ማለት ነው። በጋራ ማጣሪያው መግቢያ ላይ ብቻ መለካት ጥፋተኛውን አያሳይም። በእያንዳንዱ ፋብሪካ መውጫ ማንሆል ላይ ለተወሰኑ ቀናት በየሰዓቱ፣ በተለይም በፈረቃ መለዋወጫ ሰዓት፣ ናሙና ይወሰድ። ምንጩ ከተገኘ በኋላ ፋብሪካው ፍሳሹን አጠራቅሞ ቀስ በቀስ የሚለቅ የማመጣጠኛ ታንክ እንዲሠራ፣ አጠባውንም ለማጣሪያው አስቀድሞ እንዲያሳውቅ በውሉ ላይ መጻፍ አለበት። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በካዩን ተጠያቂ ያደርጋል፤ ናሙና ሳይኖር ግን በካዩ ማን እንደሆነ ማስረዳት አይቻልም።

ክረምት ሲገባ ማጣሪያው ይሞላል

ከሰኔ ጀምሮ ወደ ማጣሪያው የሚገባው ፍሳሽ ከዝናብ በኋላ በእጥፍ ካደገ፣ የጣሪያ አሸንዳ ወይም የግቢ ቦይ ከፍሳሽ መስመሩ ጋር ተገናኝቷል። ውሃው ዝቃጩን ጠርጎ ያወጣዋል፤ ከማጣሪያ በታች ያለው ገበሬም ከብቱን የሚያጠጣበት ጅረት ይደፈርሳል። እንደ ፈጣም ያሉ የአካባቢው ወንዞች ዓባይ የሚገቡ በመሆናቸው ጉዳዩ በፓርኩ አጥር አያበቃም። ተቃራኒውን ለማወቅ የበጋው ወቅት ይመቻል፦ ዝናብ በሌለበት በታኅሣሥ የዝናብ ቦዩ ውስጥ የሚፈስ ውሃ ከተገኘ፣ የፋብሪካ ፍሳሽ በስህተት ገብቶበታል። የመስመሩ ፍተሻና ጥገና ከግንቦት ሳይዘገይ ቢጠናቀቅ ይመረጣል።

ማንሆል ውስጥ የገባ ሠራተኛ ወደቀ

ከሁሉም ፈጥኖ ሰው የሚገድለው ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከመጀመሪያው ሠራተኛ ጋር ሊያወጣው የገባው ጓደኛው ይሞታል። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከአየር ስለሚከብድ ከታች ይተኛል። ከ1 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አንድ እጅ) በታች ሳለ ይሸታል፤ 100 ፒፒኤም ገደማ ሲደርስ ግን በደቂቃዎች ውስጥ የማሽተት ኃይልን ያደነዝዛል፤ ስለዚህ «ሽታው ጠፋ፣ አሁን ግባ» የሚለው ቃል አደገኛ ትእዛዝ ነው። ከ700 ፒፒኤም በላይ ወዲያውኑ ይጥላል።

መንስኤው ከጋዙ በፊት የአሠራር ጉድለት ነው፦ ፓምፕ ተደፍኖ ምርት እንዳይቆም የቀን ሠራተኛ ተጠርቶ ያለ ልኬት ይወርዳል። ማንም ከመግባቱ በፊት ጋዙ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ይለካ። ኦክስጅን ከ19.5 እስከ 23.5 በመቶ፣ ተቀጣጣይ ጋዝ ከዝቅተኛው የመፈንዳት ገደብ 10 በመቶ በታች፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከ10 ፒፒኤም በታች መሆን አለበት። መለኪያው ከመጠቀም በፊት በዚያው ከፍታ ላይ በንጹህ አየር ይስተካከል። ከላይ የሚቆመው ሰው ሌላ ሥራ አይሰጠው፤ የሚገባው ሰው የደህንነት ቀበቶና ገመድ ይልበስ፤ ገመዱ ከባለ ሦስት እግር ማንሻ ጋር ይያያዝ። ሰው ከወደቀ ከላይ ባለው ማንሻ ይጎተታል እንጂ፣ የራሱ የአየር ሲሊንደርና ሥልጠና የሌለው ማንም አይከተለውም። ለዚህ መሣሪያ በጀት የሚጠይቅ ባለሙያ «ለአንድ ቀን ሥራ ይህን ያህል ወጪ» የሚል መልስ ሲሰጠው በጽሑፍ ደግሞ እንዲጠይቅ አጥብቄ እመክራለሁ።

የቦይለሩ ጭስ ጠቁሯል

ነዳጁ የሚበቃ አየር አላገኘም። እንደ ብሎወሩ ሁሉ በሌላ ከፍታ የተስተካከለ በርነር (የነዳጅ ማቃጠያ) እዚህ አየር ያጥረዋል፤ በጭስ መተንተኛ መሣሪያ የጭሱን ኦክስጅን እያዩ ማስተካከል ይገባል። እርጥብ ማገዶ ወይም ገለባ የሚነድ ከሆነ መጀመሪያ ማድረቅ ነው።

ባዶ የኬሚካል ጀሪካኖች ከመጋዘን ይጠፋሉ

ገበያ ወጥተው የቤት ውሃ ወይም የጠላ ማስቀመጫ ይሆናሉ። መፍትሄው በቁጥር መረከብ፣ ባዶውን ለአቅራቢው መመለስ፣ የማይመለሰውን በሦስት ውሃ አጥቦ መብሳት ነው። አጣቢው ውሃም ወደ ፋብሪካው ሂደት ወይም ወደ ማጣሪያው እንጂ ወደ ቦይ አይፈስስም። አደገኛ ቆሻሻን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ነው።

የአደጋ መዝገቡ ባዶ ነው

መቶዎች በሚሠሩበት ፋብሪካ ወራት ሙሉ አንዲት ጭረት ካልተመዘገበች፣ የሚመረመረው የሪፖርት አሠራሩ ነው። የቀን ሠራተኛው ጉዳቱን ቢናገር ነገ እንደማይጠራ ከፈራ ይደብቀዋል፤ ፎርማኑ ደግሞ ለዜሮ አደጋ ጉርሻ ከተመደበለት ያስደብቀዋል። ጉርሻው ከአደጋ ቁጥር ተላቆ፣ ተጠቁሞ ከተስተካከለ ጉድለት ጋር ይያያዝ። የሥራ ላይ አደጋን መመዝገብና ለሥራ ተቆጣጣሪ ማሳወቅ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአሠሪው ግዴታ ነው። ለጥቂት የተረፉ አደጋዎችም በዚያው መዝገብ ይግቡ፤ በየፈረቃው መጀመሪያ ተነበው፣ ጉድለቱን ማን እስከ መቼ እንደሚያስተካክል ከጎናቸው ይጻፍ።