ከአንድ በላይ ውሻ ባለበት ግቢ ትእዛዝ ሲበላሽ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ሌላ ውሻ ሲኖር "ተቀመጥ" ቢሉት ጆሮ ዳባ ልበስ የሚል ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ትእዛዙን ጠንቅቆ አልተማረውም፤ ሌላው ውሻ ሐሳቡን ይበትንበታል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ለየብቻ፣ ቀጥሎ አንዱ ታስሮ እያየ፣ በመጨረሻ አብረው።

አንዱ ሲጠራ ሁለቱም ይመጣሉ፣ ወይም ማንም አይመጣም

ምክንያት፦ ስማቸው ይቀራረባል (ቡቺና ቦቢ ለውሻ ጆሮ ብዙም አይለዩም)፣ ወይም እናት "ና" ስትል ልጆች "ነይ"፣ ዘበኛው ደግሞ በፉጨት ይጠራል።

መፍትሄ፦ የአንዱን ስም ለውጡ፤ ለምሳሌ አንበሴ በሉት። ለሴቷም ለወንዱም "ና" ይበቃል፣ ሰዋስው የሚያስጨንቀው ሰውን ነው። ስም ይቅደም፣ ትእዛዝ ይከተል። አንዱን ጓሮ ወስዳችሁ ስሙን ብቻ ጥሩ፤ ፊቱን እንዳዞረ ሽንብራ የምታክል የተቀቀለ ሳንባ ስጡት። በቀን ሁለቴ፣ ከ5 ደቂቃ ሳይበልጥ። ከ10 ጥሪ 8ቱን ሲመልስ፣ ሌላውን 5 እርምጃ ያህል አርቃችሁ አስራችሁ ድገሙት። ያልተጠራው ዝም ብሎ ከጠበቀ እሱም ይሰጠው። ይህ ሲዘነጋ ነው የታሰረው ማላዘን የሚጀምረው።

ሳንባው 40 ደቂቃ ያህል ይቀቀል። ውሃ የቋጠረ እባጭ ካለበት ግን እባጩን ቆርጣችሁ ሌላውን አትስጡ፣ ሳንባውን እንዳለ ቅበሩት፤ ውሻ ጥሬውን ከበላ ትል ይይዘዋል፣ የትሉ እንቁላል ደግሞ ወደ ቤተሰቡ ይተላለፋል። በጾም ሥጋ ቤት ሲዘጋ የተቀቀለ እንቁላል ወይም ደረቅ ዳቦ ያገለግላል። ወጥ የነካው እንጀራ አይሆንም፤ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል።

ግማሽ መንገድ መጥቶ ይቆማል

የጎንደር ሰፈር ውሻ ጎንበስ ያለ ሰው ድንጋይ እንደሚያነሳ ያውቃል። ገመድ ልታስሩ ስታጎነብሱም የሚታየው ያው ድንጋይ ነው። ጎናችሁን ሰጥታችሁ ቁጢጥ በሉ፣ መዳፋችሁን ከታች ዘርጉለት። ጠርቶ መምታትማ ጥሪውን ራሱን ማበላሸት ነው።

በር ሲንኳኳ ሁሉም ተያይዘው ይሮጣሉ

ምክንያት፦ አንዱ ሲጮህ ሌላው ይቀበለዋል። የጮሁበት ባጃጅም መንገደኛም ሁልጊዜ አልፎ ስለሚሄድ ያባረሩት እነሱ ይመስላቸዋል። ባለቤቱ "ዝም በል!" እያለ ሲጮህ ደግሞ የሚያግዛቸው ነው የሚመስለው።

መፍትሄ፦ ለእያንዳንዱ አንድ ጆንያ ከበሩ 5 እርምጃ ገባ ብሎ፣ በመካከላቸው 2 ሜትር ትታችሁ አንጥፉ። 3 ሜትር ገመድም ያስፈልጋል።

1. አንዱን ብቻውን "ቦታህ" ብላችሁ በገመዱ ምሩት፤ አራቱም እግሩ ጆንያው ላይ ሲያርፍ ስጡት።
2. ሲለምድ የቤት ሰው የበሩን ቆርቆሮ በጣቱ ከውስጥ መታ ያድርግ፣ ቀጥሎ ከውጭ፣ ቀጥሎ ጠንከር አድርጎ። ከተነሳ ማንኳኳቱን ወደ ቀድሞው ደረጃ ዝቅ አድርጉት።
3. ሁለተኛውንም ለብቻው እንደዚሁ።
4. ሁለቱን አብራችሁ ስታሠሩ ገመዱን ሁለት ሰው ይያዝ። በሩ የሚከፈተው ሁለቱም ጆንያቸው ላይ ሲሆኑ ብቻ ነው።

ልፋቱ ሁሉ ገደል የሚገባው በአራተኛው ላይ ነው፤ እንግዳ ቆሞ አሳፈረን ተብሎ ውሾቹ እየዘለሉ በሩ ይከፈታል። "ጥበቃቸው ይላላል" ብሎ መስጋትም አያስፈልግም፣ ጆንያው ላይ ሆነው ሁለት ሦስቴ ቢጮኹ ይበቃል። ለጥምቀት (ጥር 10 እና 11) ቤቱ በእንግዳ የሚሞላ ሰው በታኅሣሥ መጀመሪያ ይጀምር።

ክረምት ሲገባ ትእዛዝ ይረሳሉ

አልረሱም፤ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ድምፃችሁን ይውጠዋል። እያንዳንዱን ትእዛዝ ከበጋው ጀምሮ ከእጅ ምልክት ጋር አስተምሩ።

ምግብ ላይ ይናከሳሉ

አንድ ሳህን አይበቃም። ለየብቻ ሳህን አድርጉ፣ ቢያንስ 4 ሜትር አራርቁ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ባዶም ቢሆን አንሱት። የበዓል አጥንት የባሰ ጠብ ያመጣል፤ ለየብቻ በር ተዘግቶባቸው ካልሆነ አይሰጥ። ጠብ ከተነሳ እጅ አታስገቡ፣ ባልዲ ውሃ ድፉባቸው። ጠቡ ሴቷ ወንድ ስትፈልግ ብቻ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ የትእዛዝ ጉዳይ አይደለም፤ ሦስት ሳምንት ለይታችሁ አኑሯት።

ታዛዡ ውሻ በድንገት ተለወጠ

ድምፁ ተቀይሮ፣ ለሃጩ እየተዝረበረበ፣ መዋጥ አቅቶት ያገኘውን የሚነክስ ከሆነ ሥልጠናውን ተዉት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። አትጠጉት፣ ሌሎቹን አርቃችሁ በር ዝጉበትና የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። የነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠብ፣ በዚያው ቀንም ጤና ተቋም ይሂድ። ክትባቱ ከሦስተኛ ወር ጀምሮ በየዓመቱ ነው፤ አንዱ ተከትቦ ሌላው ከቀረ ግቢው እንዳልተጠበቀ ይቆጠራል።