ዜኒት ካሜራ 500 ላይ ለምን ያጨልማል? ችግርና መፍትሄ

የምጽፈው ፊልም ማስገባት፣ ርቀት ማስተካከልና ሌንስ መጥረግ ለሚያውቅ ሰው ነው። ካሜራው ዜኒት ኢ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ሞስኮ አጠገብ በምትገኘው ክራስኖጎርስክ የተመረተው፣ ሶቪየት ኅብረት ተምረው የተመለሱ ሰዎች በሻንጣቸው ይዘውት የመጡት። አሁን ልጆቻቸው ከቁም ሣጥን እያወጡ ያመጡልኛል። ባትሪ አይፈልግም፤ ሰው ቢመቱበት ይፈነክታል፤ በቀላሉም አይሞትም። የሚመጣበት ሕመም ግን ከሞላ ጎደል አንድ ነው።

ምልክቱ

ፊልሙ ታጥቦ ሲመለስ ፀሐይ ላይ በ500 ፍጥነት (በ1/500 ሰከንድ) የተነሱት ፎቶዎች አንደኛው ጎናቸው ጠቁሯል። ሁልጊዜም ያው ጎን ነው። ጥቁረቱ በመስመር የተቆረጠ አይደለም፤ ወደ ዳር እየወፈረ የሚሄድ ጥላ ነው። ሲብስበት ዳር ላይ የቆመው ሰው ጭራሽ ይጠፋል። ቤት ውስጥ በ30 እና በ60 የተነሱት ደህና ናቸው። ጠዋት በብርድ ይብሳል፣ እኩለ ቀን ላይ ይሻለዋል። ካሜራው ለወራት ተቀምጦ ከነበረ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ከሁሉም የከፉ ናቸው።

በመጀመሪያ የሚከሰሰው ፊልሙን ያጠበው ሰው ነው። አንድ ጡረተኛ መምህር ከፎቶ ቤት ጋር ተጣልተው፣ ነጋቲቩን እንደ ማስረጃ በፖስታ አሽገው መጥተው ነበር። ነጋቲቩን መስኮት ላይ ዘርግቼ ጠርዙን አሳየኋቸው። በፊልሙ ጠርዝ ላይ ያሉት ቁጥሮችና ጽሑፎች ፋብሪካው አስቀድሞ በብርሃን የጻፋቸው ናቸው፤ የሚታዩት ፊልሙ ሲታጠብ ነው። እነሱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ጠቁረው ወጥተዋል። ምስሉ ብቻ አንድ ጎኑ ባዶ መስታወት መስሏል። አጣቢው ንጹሕ ነው፤ ጥፋተኛው ካሜራው ውስጥ ነው። መምህሩ ከዚህ ወጥተው በቀጥታ ይቅርታ ሊጠይቁ ሄዱ።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ ጉዳይ አለ። ጥቁረቱ በማስመሪያ የተቆረጠ ከመሰለና ፎቶው በፍላሽ የተነሳ ከሆነ ካሜራው ምንም አልሆነም። ዜኒት ኢ ከፍላሽ ጋር የሚስማማው 30 ላይ ብቻ ነው። በ60 ወይም በ125 ካነሳችሁ፣ ፍላሹ ሲበራ ፊልሙን ከሚሸፍኑት ሁለት መጋረጃዎች ሁለተኛው ከፊሉን ሸፍኖታል። የሰርግ ፎቶ በዚህ መንገድ አበላሽቶ ካሜራውን “አስተካክልልኝ” ብሎ የሚመጣ ሰው ትዕግሥቴን ይፈትነዋል።

ምክንያቱ

ሻተሩ ሁለት ጥቁር የጨርቅ መጋረጃዎች ናቸው። የመጀመሪያው ይከፍታል፣ ሁለተኛው ተከትሎ ይዘጋል። 30 ላይ የፊልሙ ፊት ሙሉ በሙሉ ይገለጣል። 500 ላይ ግን ሁለተኛው ወዲያው ስለሚከተል በመካከላቸው የሚቀረው ጠባብ ክፍተት ብቻ ነው፤ ፊልሙ ብርሃን የሚያገኘው ያ ክፍተት በላዩ ሲያልፍ ነው። መጋረጃዎቹን የሚጎትቱት ሞላዎች ያሉበት ጥቅልል ፋብሪካ ውስጥ ግራሶ ተቀብቷል። ያ ግራሶ በአርባና በሃምሳ ዓመቱ ደርቆ ሙጫ ሆኗል። የመጀመሪያው መጋረጃ ሲዘገይ ሁለተኛው ይደርስበታል፤ ክፍተቱ መንገድ ላይ ይዘጋና የቀረው የፊልሙ ክፍል ብርሃን አያይም።

“አባቴ እኮ ሃያ ዓመት ሲያነሳበት እንዲህ አልነበረም” ይሉኛል። አባትየው ምናልባት 100 ፊልም (ቁጥሩ ሲበዛ ፊልሙ የሚፈልገው ብርሃን ያንሳል) ገዝተው በ125 ነው ያነሱት። ዛሬ በእጅ የገባው 400 ፊልም ነው። በአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ 400 ፊልም አፐርቸር (የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ) 16 ላይ 500 ይጠይቃል፤ ብዙ ጊዜ ከካሜራው ጋር የሚመጣው ሌንስ ሄሊዮስ 44-2 ደግሞ ከ16 በላይ አይጠብም። ስለዚህ የዛሬው ሰው አባቱ እምብዛም ባልነኩት ቁጥር ላይ ውሎ ያድራል። ጉድለቱ የቆየ ነው፤ ያወጣው ፊልሙ ነው።

ሳትፈቱ ፈትሹ

ፊልም በሌለበት ኋላውን ክፈቱ፣ ሌንሱን አውልቁ፣ ወደ ብሩህ ሰማይ አዙሩ፣ 500 ላይ አድርጋችሁ በኋላ በኩል እያያችሁ ተጫኑ። መስኮቱ ከዳር እስከ ዳር ብልጭ ማለት አለበት። አንዱ ዳር ጨለማ ሆኖ ከቀረ አገኛችሁት። የስልክ ካሜራ በዝግታ ቀረጻ ቢይዘው የበለጠ ይታያል። በጆሮ አትፈትሹ። “ድምፁ ጥሩ ነው” የሚል ሻጭ ስለ ሻተሩ የነገራችሁ ነገር የለም።

መፍትሄው

መጀመሪያ የማይደረገውን ልናገር። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት አታፍስሱበት። አንድ ወጣት በመርፌ ሞልቶ በተጫኛው ቀዳዳ አስገብቶበት ነበር። ለሁለት ቀን እንደ አዲስ ሠራለት። በሦስተኛው ዘይቱ መጋረጃው ላይ ወጣ፣ አቧራ ሰበሰበ፣ መስታወቱን አቆሸሸ፤ እኔ ጋ ሲደርስ መጋረጃው ተጣብቆ እንደ እርጥብ ካልሲ ተንጠልጥሏል። የመኪና ዝገት ማስለቀቂያ የሚረጨውም ከዚህ አይሻልም።

ሁለተኛው ክልክል ሞላ ማጥበቅ ነው። መጋረጃው ከዘገየ ሞላውን አጥብቆ ሦስት መቶ ብር የሚቀበል ባለሙያ ሞልቷል። በግራሶ የተያዘን ጥቅልል በጉልበት ሲጎትቱት ለጊዜው ይሮጣል፤ ከዚያ መጋረጃውን የያዘው ቀጭን ጥብጣብ ይበጠሳል። ሁለቱንም ሞላ አጥብቀው የላኩልኝ ካሜራ አጋጥሞኛል። ሁለቱም እኩል ሲፈጥኑ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ያው ነው፤ ጥላውም እንዳለ አለ፤ ያተረፉት የተበጠሰ ጥብጣብ ብቻ።

ትክክለኛው ማጽዳት ነው። ልኩ በሆነ ትንሽ ካቻቪቴ የታችኛውን ክዳን ፍቱ። በቢላ ጫፍ የምትፈቱ ከሆነ ተዉት። የጥቅልሎቹ ጫፍ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ፈልጉ፤ በስቴኪኒ ጫፍ አንድ ጠብታ የላይተር ቤንዚን አስነኩት። ከማደያ የተቀዳ ቤንዚን አይሆንም፣ ቅባት ይተዋል። መስኮት ክፈቱ፤ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ከክፍሉ ይውጣ። ቤንዚኑ መጋረጃውን እንዳይነካ፤ ጨርቁ ጎማ የተቀባ ስለሆነ ያበላሸዋል። ከዚያ ሻተሩን በየፍጥነቱ ደጋግማችሁ ሳቡና ተጫኑ። የሚወጣውን ቡናማ ቆሻሻ በጥጥ ጥረጉ። እንደገና ጠብታ፣ እንደገና መሳብ። ቆሻሻው ሲያልቅ አድርቁት፤ ሌሊቱን ቢያድር ይመረጣል። በመጨረሻ በመርፌ ጫፍ የሰዓት ዘይት አስነኩ። ዘይቱ በዓይን ከታየ በዝቷል።

ካመጡልኝ አብዛኞቹ በዚህ ይድናሉ። ያልዳነ ካለ ብቻ ወደ ሞላው እንሄዳለን። ፍጥነቱን ቢ ላይ አድርጋችሁ ተጭናችሁ ስትይዙ የሚዞረው ጥቅልል የመጀመሪያው መጋረጃ ነው፤ ስትለቁ የሚዞረው ሁለተኛው። ይህን ሳትለዩ ካቻቪቴ አታስገቡ። የመጀመሪያውን ብቻ በሩብ ዙር አጥብቁ፣ ፈትሹ፣ እንደገና። መቆለፊያውን ብሎን ስትፈቱ ዘንጉን በሌላ ካቻቪቴ ያዙ። ካልያዛችሁ ሞላው በአንድ ጊዜ ተፈትቶ ያልቃል፤ ያን ጊዜ ስንት ዙር እንደነበረ የሚነግራችሁ የለም።

ማጽዳቱን ካልደፈራችሁ 250 ላይ አንሱ። 400 ፊልም ላይ አንድ ደረጃ ብርሃን ይበዛል፤ ባለ ቀለም ነጋቲቭ ይህን ያለ ችግር ይሸከመዋል። ካሜራውን ስታስቀምጡ ደግሞ ሻተሩ የተሳበ አይሁን፤ በየወሩም ጥቂት ጊዜ ባዶውን አሠሩት።

የቀሩት

መመልከቻው ጨለመ፦ ሄሊዮስ 44-2 ሁለት ቀለበት አለው። አፐርቸሩ ጠብቦ ቀርቷል፤ ክፈቱት። ፎቶው ሁሉ ነጭ ሆኖ ከወጣ በተቃራኒው ከፍታችሁ አይታችሁ ሳታጠብቡ አንስታችኋል። የጃፓን ኤም 42 (በዚሁ ጥርስ የሚገጠም) ሌንስ ከገጠማችሁም ማብሪያውን በእጅ ወደሚሠራው አድርጉ፤ ዜኒት ኢ አፐርቸሩን የሚያጠበውን የሌንሱን ፒን አይገፋም።

የብርሃን መለኪያው ቀስት አይንቀሳቀስም፦ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ሴሌኒየም ሞቷል። ተዉት፤ ያለሱ ይነሳል።

በሁሉም ፎቶ አንድ ቦታ ላይ ነጭ ነጥብ፦ መጋረጃው ተበስቷል። በጨለማ ክፍል የእጅ ባትሪ አብርታችሁ ፈልጉና በጣም ስስ የጨርቅ ጥቁር ቀለም አስነኩ። ዞርኪና ፌድ በሚባሉት የሶቪየት ካሜራዎች ላይ ይበዛል፤ ከሌንሱ ኋላ መስታወት ስለሌላቸው ሌንሱ ፀሐይ ላይ ሲዞር መጋረጃውን ያቃጥላል። ዞርኪ 4 ካላችሁ ደግሞ ፍጥነት የምትቀይሩት ሻተሩን ከሳባችሁ በኋላ ብቻ ነው። ብቻ!

ሌንሱ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር፦ ሻጋታ ነው። ክረምቱን በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ ያሳለፈ ሌንስ ሁሉ ይህ ይጠብቀዋል። ማኅደሩን ለብቻ አስቀምጡ።

ልትገዙ ከሆነ ኋላውን አስከፍታችሁ 500 ላይ አስተኩሱ። “ፊልም ስላለበት አይከፈትም” የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ፊልሙ ሲያልቅ እንመለሳለን ብላችሁ ውጡ።