በኦንላይን ጨዋታ ተሳዳቢን እንዴት ዝም ማሰኘትና ሪፖርት ማድረግ እንደሚቻል

በፒያሳና በአራት ኪሎ ጌም ቤቶችም ሆነ በቤቱ ተቀምጦ በስልኩ የሚጫወት ሰው፣ የማያውቀው ተጫዋች በማይክ ሲሰድበው ብዙ ጊዜ ወይ መልሶ ይሳደባል ወይ ጨዋታውን አቋርጦ ይወጣል። ሁለቱም ጉዳቱን ወደ ተሰዳቢው ያዞሩታል። መልሶ የተሳደበው እሱም በተራው ሪፖርት ይደረግበታል፣ አቋርጦ የወጣው ደግሞ በብዙ ጨዋታዎች ቡድኑን ጥሎ በመሄዱ ይቀጣል። ከዚህ የሚሻል መንገድ አለ፤ ውጤት የሚሰጠው ግን ከጀርባ ያለው ሥርዓት ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ ለሚያውቅ ሰው ነው።

ሥርዓቶቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዶቹ የተነገረውን ነገር ፈጽሞ አይሰሙም፤ የሚቆጥሩት ሪፖርት ብቻ ነው። የካውንተር ስትራይክ አዘጋጅ ቫልቭ በየካቲት 2020 እ.ኤ.አ. ያስጀመረው አሠራር እንዲህ ያለ ነው፦ በስድብ ምክንያት ከሌሎች ተጫዋቾች እጅግ በበለጠ ሪፖርት የሚደረግበት ሰው መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፤ ካልታረመ ደግሞ በቂ የልምድ ነጥብ ተጫውቶ እስኪያገኝ ድረስ ድምፁና ጽሑፉ ለሌሎች ተዘግቶ ይቆያል፤ ሊሰማው የሚፈልግ ሰው ግን ራሱ ሊከፍትለት ይችላል። ሌሎች ሥርዓቶች ደግሞ በርግጥ ያዳምጣሉ። ኮል ኦፍ ዱቲ ከነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቶክስሞድ በተባለ ሶፍትዌር የድምፅ ንግግርን መከታተል ጀምሯል፤ ሶፍትዌሩ የሚያጠራጥረውን ንግግር ለይቶ ያቀርባል፣ ቅጣቱን የሚወስነው ግን ኩባንያው ነው። ክትትሉ የተጀመረው በእንግሊዝኛ ነበር።

ለአማርኛ ተናጋሪ ትልቁ ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ለእንግሊዝኛ የተሠራ የቃላት ማጣሪያ በአማርኛ የተጻፈን ስድብ አያውቀውም፤ ቢያውቀው እንኳ በቀላሉ ይታለፋል። ሀ፣ ሐ እና ኀ በንግግር አንድ ናቸው፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ አ እና ዐ እንዲሁ ናቸው፤ ስለዚህ አንድ ቃል በብዙ መልክ ሊጻፍ ይችላል። በዚያ ላይ በቃሉ ፊትና ኋላ የሚቀጠሉት ምዕላዶች መልኩን ደጋግመው ይለውጡታል። አብዛኛው ተጫዋች ደግሞ አማርኛን የሚጽፈው በላቲን ፊደል ነው፣ ለዚህም የጋራ የሆነ ቋሚ አጻጻፍ የለም። ማሽኑ ያልያዘውን ሊይዝ የሚችለው የሰው ሪፖርት ብቻ በመሆኑ፣ የእኛ ሰው ሪፖርቱን ከሌላው በበለጠ ጥንቃቄ መጻፍ ይኖርበታል ብዬ አምናለሁ።

ከመጫወትዎ በፊት

ወደ ጨዋታው ቅንብር ገብተው የድምፅ ቻቱ ለማን ክፍት እንደሆነ ይመልከቱ። በፐብጂ ሞባይል የድምፅ ማጉያውንና የማይኩን ምልክት በመንካት ሁሉንም፣ ቡድንዎን ብቻ ወይም ማንንም እንዳይሰሙ መምረጥ ይቻላል፤ ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር ሲጫወቱ በቡድን ብቻ ቢወስኑት ይመረጣል። ቫሎራንት እንዲታዩዎት የማይፈልጓቸውን ቃላት ራስዎ የሚያስገቡበት ዝርዝር አለው። እዚያ የአማርኛ ቃል ሲያስገቡ በግእዝ ፊደል በአንድ መልክ ብቻ ጽፈው አይተዉት፤ በተለያዩት ሞክሼ ፊደላትም፣ በላቲን በብዛት በሚጻፍባቸው መንገዶችም ጨምረው ያስገቡት።

ስድቡ ሲጀመር

መጀመሪያ ድምፁን ይዝጉት። ሪፖርቱ በኋላ ይደርሳል፤ ጆሮዎን ግን አሁኑኑ ማሳረፍ ይቻላል። በኮምፒውተር በሚጫወቱት በካውንተር ስትራይክ የታብ ቁልፍን ተጭነው የውጤት ሰሌዳውን ሲከፍቱ፣ በቫሎራንት ደግሞ ከዋናው ማውጫ የተጫዋቾቹን ዝርዝር ሲያወጡ፣ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ድምፅ የመዝጊያና ሪፖርት የማድረጊያ ምርጫ ያገኛሉ። ድምፅ መዝጋት ለእርስዎ ብቻ የሚሠራ ነው፤ ሌላው የቡድን አባል ሰውየውን መስማቱን ይቀጥላል፣ ተሳዳቢውም ምንም አይደርስበትም። ድምፁን ዘግቶ ጉዳዩ አለቀ ብሎ መተው ስድቡን ለቀጣዩ ተጫዋች ማስተላለፍ ስለሆነ ሪፖርቱም መከተል አለበት።

አንድም ቃል አይመልሱ። የእርስዎ መልስ በጽሑፍ መዝገቡ ውስጥ ከእሱ ስድብ አጠገብ ይቀመጣል፣ መዝገቡን የሚያየው ሰው ማን እንደጀመረ ሳይሆን ማን ምን እንዳለ ነው የሚያነበው።

ሪፖርቱን ማዘጋጀት

ከሁሉ በላይ ውጤት የሚወስነው የምድብ ምርጫ ነው። አብዛኞቹ ጨዋታዎች የቃል ስድብን፣ ማጭበርበርን፣ ሆን ብሎ ቡድንን መጉዳትንና አጸያፊ ስምን ለየብቻ ይመድባሉ፣ እያንዳንዱም ምድብ የሚሄድበት መንገድ የተለየ ነው። በዶታ 2 ለምሳሌ የጨዋታ ባሕርይና የንግግር ባሕርይ የየራሳቸው ነጥብ ያላቸው ሲሆን የሁለቱም ጣሪያ 12,000 ነው፤ ተሳዳቢን በመጥፎ አጨዋወት ምድብ የከሰሰ ሰው የሰውየውን የንግግር ነጥብ አልነካውም ማለት ነው። በንዴት ሁሉንም ሳጥን ምልክት ማድረግ ሪፖርቱን አያጠናክረውም፣ ያደበዝዘዋል እንጂ።

የተጫዋቹን መለያ ቁጥር ይያዙ፤ ስም በማንኛውም ሰዓት ይቀየራል፣ ቁጥሩ ግን አይቀየርም። ስድቡ በጽሑፍ ከሆነ ወዲያውኑ ስክሪንሾት ያንሱ። ማብራሪያ የሚጻፍበት ቦታ ካለ ስድቡ በአማርኛ መሆኑን፣ በላቲን ፊደል ተጽፎ ከሆነም ይህንኑ፣ ከዚያም ትርጉሙን በአጭር እንግሊዝኛ ያስፍሩ። ዛቻ ከሆነ ዛቻ፣ በብሔር ወይም በሃይማኖት ላይ የተነገረ ከሆነም ያው ብለው በግልጽ ይሰይሙት፤ ሪፖርቱን የሚያየው ሰው አማርኛ ላያውቅ ስለሚችል ትርጉም የሌለው ሪፖርት ከንቱ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

በድምፅ የተነገረ ስድብ ጊዜ አይሰጥም። ፕሌይስቴሽን 5 በራሱ የድምፅ ፓርቲ (ተጫዋቾች ተሰባስበው በድምፅ በሚያወሩበት ቡድን) ውስጥ የሚያስቀረው የመጨረሻውን አምስት ደቂቃ ንግግር ብቻ ሲሆን ከዚያ ውስጥ ሊላክ የሚችለው ቢበዛ 40 ሰከንድ ነው። ኤክስቦክስ የመጨረሻውን 60 ሰከንድ ቀርጾ ለሪፖርት የሚያቆየው ለ24 ሰዓት ነው። ስለዚህ ዙሩ እስኪያልቅ መጠበቅ ማስረጃውን ሊያሳጣ ይችላል።

ጓደኞችን አስተባብሮ ምንም ያላጠፋ ሰው ላይ ሪፖርት ማዝነብ ግን ነውር ነው። ሪፖርት በሚቆጥሩ ሥርዓቶች ላይ እንዲህ ያለው ዘመቻ ንጹሕ ሰውን ሊያስቀጣ ይችላል፣ ብዙ ኩባንያዎችም የሐሰት ሪፖርትን ራሱን የቻለ ጥፋት አድርገው ይቆጥሩታል።

ጉዳዩ ከጨዋታው ወጥቶ «የት እንደምትኖር አውቃለሁ፣ አገኝሃለሁ» ወደሚል ማስፈራሪያ ከተሸጋገረ የጨዋታው ሪፖርት ብቻ አይበቃም። ስክሪንሾቱን፣ መለያ ቁጥሩንና ቀኑን ከነሰዓቱ ይዘው ወደ ፖሊስ ይሂዱ፤ በኮምፒውተር ሥርዓት አማካኝነት ሰውን ማስፈራራት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ነው። ተጎጂው ልጅ ከሆነ ይህን ወላጅ ያድርገው፤ ልጁንም ለምን ተጫወትክ ብሎ መቆጣት ሁለተኛ ጊዜ እንዳይናገር ያደርገዋል።

ጌም ቤት ውስጥ

የጌም ቤት ባለቤቶች ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። የፕሌይስቴሽን 5 መቆጣጠሪያ ከቀዳሚው በተለየ ማይክ በውስጡ አለው። ተጫዋቹ ሄድሴት ባያደርግም፣ ወረፋ የሚጠብቁት ልጆች ከጀርባ የሚወረውሩት ስድብ በዚያች ማይክ በኩል ወደ ጨዋታው ሊገባ ይችላል፤ ሪፖርቱ የሚደረገው ግን በሚጮኸው ልጅ ላይ ሳይሆን በቤቱ አካውንት ላይ ነው። በመቆጣጠሪያው መካከል ያለችውን የማይክ ቁልፍ አንድ ጊዜ መጫን ማይኩን ይዘጋዋል፤ በቅንብሩም ውስጥ አካውንቱ ሲከፈት ማይኩ ዝግ ሆኖ እንዲጀምር ማድረግ ይቻላል። ኤክስቦክስ ያለው ቤት ደግሞ የበለጠ መጠንቀቅ አለበት፦ ከነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥፋቶች በነጥብ ይመዘገባሉ፣ እያንዳንዱ ነጥብ ለስድስት ወር ይቆያል፣ ስምንት የሞላበት አካውንት ለአንድ ዓመት ከቻትና ከመሰል አገልግሎቶች ይታገዳል። ቀኑን ሙሉ የማይተዋወቁ ልጆች የሚፈራረቁበት አካውንት ስምንቱን ለመሙላት ብዙ ጊዜ አይወስድበትም።

እርስዎ ራስዎ ከተዘጉ

መጀመሪያ ቅጣቱ የመጣው ከሪፖርት ቆጠራ መሆኑን ወይም ከአንድ የተለየ ንግግር መሆኑን ከደረስዎ መልእክት ይለዩ። የቆጠራ ከሆነ፣ እንደ ካውንተር ስትራይክ ባለው ጨዋታ መፍትሔው መጫወት ነው፤ የሚፈለገው ነጥብ ሲሞላ እገዳው በራሱ ይነሳል። የተለየ ንግግር ከሆነና ስሕተት ነው ብለው ካመኑ፣ ኤክስቦክስን ጨምሮ ብዙዎቹ የይግባኝ ማቅረቢያ ስላላቸው፣ መቼ ምን እንደተባለና ቃሉ በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ በጨዋ ቋንቋ አስረድተው ያመልክቱ። መልስ እስኪመጣ በአዲስ አካውንት ገብቶ መጫወት በብዙ ጨዋታዎች ከእገዳ እንደማምለጥ ተቆጥሮ ሁለተኛውንም አካውንት ስለሚያሳጣ፣ በዚያው በተዘጋው አካውንት ሳይናገሩ መጫወት ይሻላል።